አንድ ድንጋይ ለሦስት ጫንቃ

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ደሴ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለው አቀበት ላይ አንዲት ግቢ ነበረች። ሌላው ተረት ከንጉሥና ከአንበሳ ይጀምራል፤ የእኔ የሚጀምረው ከአንድ የቆርቆሮ በርና ከአንዲት ጓዳ ነው። አዳምጡኝና በኋላ ተከራከሩበት። እኔ ግን አልፈርድም። ለምን እንደማልፈርድ መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ።

የግቢዋ ባለቤት ወይዘሮ አስናቁ ይባሉ ነበር። ባላቸው በጊዜ ስለሞቱባቸው ሁለት ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ ይባላል፤ ውሸት ነው። ያሳደጉት ከጦይባ ጋር ነው። ጦይባ በአንድ የድርቅ ዓመት ከባቲ ማዶ ተነሥታ ለአንድ አዳር ብላ በዚያ በር ገባች። አንዱ አዳር ሠላሳ አራት ዓመት ሆነ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ጓዳ የእሷ ሆነች። ልጆቹን በየተራ አዘለች፤ ሲታመሙ አብራ አደረች፣ ሲያጠፉ ከእናታቸው ዱላ ቀሚሷ ሥር ደበቀቻቸው። ንጋት ላይ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ አንዷ ለስግደት ሲነሡ፣ ከአንድ ጀሪካን ውሃ እየቀዱ ይታጠቡ ነበር። ጦይባ አልወለደችም። ዘመድ እንኳ ቢኖራት ሰፈራችን ያየው የለም።

ወይዘሮ አስናቁን «እሳቸው»፣ ጦይባን «እሷ» እያልኩ መሆኔን ልብ ብላችሁ ይሆናል። ዕድሜያቸው እኩል ነው። ግን ሰፈሩ እንደዚያ ለመደ፤ እኔም አብሬ ለመድኩ። ዛሬ ልቀይረው ብል ያሳፍረኛል።

ወይዘሮ አስናቁ ሊሞቱ ሰሞን ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ደጊቱንና ታናሿን ካሳዬን፣ አልጋቸው ዳር አስቀመጡ።

«ቤቱን ብትሸጡት አልቀየምም» አሉ። «ቤት ለሁለት አይቆረስም። አደራዬ ጦይባ ናት። በሰው አፍ እንዳታስወጡብኝ። ውጪ የምትባል ከሆነ፣ ዓይን ዓይኗን እያያችሁ በገዛ አፋችሁ በሏት።»

ሴትየዋ ብልህ ነበሩ። ልጆቻቸው ያንን ቃል በጦይባ ፊት ሊያወጡት እንደማይችሉ ያውቃሉ። ሊላት የሚችል ከሌለ የሚያስወጣት አይኖርም፤ ያሰቡት ይህንን ነው። የዘነጉት አፍ የሚከራይ መሆኑን ነው።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ካሳዬን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰመራ አዛወረው። ደጊቱ ደግሞ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ተጣብባ ትኖራለች፤ የወንድሟን ድርሻ ከፍላ እናቷ ቤት እንዳትገባ አቅም የላትም። ስለዚህ ይሸጥ በሚለው ተስማሙ። የተጣሉት እንዴት ይሸጥ በሚለው ነው።

«ደላላ እንያዝ» አለ ካሳዬ። «እኔ ጊዜ የለኝም፤ አንቺም ሥራሽ አይደለም።»

«የእናቴን ቤት የደላላ መጫወቻ አላደርግም» አለች ደጊቱ። «ራሴ እሸጠዋለሁ።»

ደጊቱ እንዲህ አደረገች። ካርቶን ቆርጣ «የሚሸጥ ቤት፤ ደላላ አይመለከተውም» ብላ በትልልቁ ጻፈችና የቆርቆሮው በር ላይ ሰቀለችው። ለመጣው ሁሉ ራሷ እየከፈተች ታሳያለች። ሌላው የሚደብቀውን እሷ ታስቀድማለች፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን በጣቷ ትጠቁማለች፣ መጋረጃ ገልጣ የግድግዳውን ስንጥቅ ታሳያለች፣ ቀጥላ ወደ ጓዳዋ ትወስድና «ይቺ እናቴ ናት፤ ቤቱን የሚገዛ ሰው ከእሷ ጋር ነው የሚገዛው» ትላለች። ገዢው ጦይባን ያያል፣ ጦይባ ገዢውን ታያለች፣ «ተመካክረን እንመለሳለን» ይባላል። አምስት ወር ሙሉ የተመለሰ የለም። እኛም ጎረቤቶቿ «ይቺ ልጅ ቤት እየሸጠች ነው ወይስ ንስሐ እየገባች?» እያልን አሾፍንባት።

አንድ ቀን ግን ደህና ሰው መጣ። ሸዋረጋ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። ጣሪያውን አይተው «ይጠገናል» አሉ። ጦይባን አይተው ደግሞ «እኛም ልጆቻችን ርቀውናል፤ አብረን እንጦራለን» አሉ። ደጊቱ እዚያው ቆማ አለቀሰች። በማግስቱ ሙሄ ደላላው ብቅ አለ።

«እነዚያን ባልና ሚስት በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ» አላት። «ድርሻዬ እንዳይረሳ።»

ይህ የእኛ አገር ደንብ ነው። በሩ ላይ የፈለግከውን ጻፍ፤ ገዢን መርቶ ያመጣ ደላላ ድርሻ አለው። ደጊቱ ግን ደሟ ፈላ። «ለደላላ ከምሰጥ ቤቱ ይፍረስ!» አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። አቶ ሸዋረጋ «የእሱን እኛ እንችላለን፣ ልጄ» ብለው ቢለምኗትም «በደላላ መጥታችሁ ደብቃችሁብኛል» ብላ መለሰቻቸው። ሰዎቹ አዝነው ሄዱ፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት ገዙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህን ነው። ደግሞ በሌላ በኩል ሳየው፣ አምስት ወር ሙሉ ለማንም ያልዋሸች ሰው ዋሹኝ ብላ ብትቆጣ ይፈረድባታል?

ካሳዬ እንዲህ አደረገ። ሰመራ የሚሄድበት ቀን ሲቀርብ ያንኑ ሙሄን ፈልጎ አገኘው።

«ሽጥልኝ» አለው።

«እማማ ጦይባስ?»

«እሱንም አንተው ጨርሰው። እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም።»

ካሳዬ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከሁለቱ ልጆች ጦይባን አብልጦ የሚወደው እሱ ነው። ልጅ ሆኖ ከጀርባዋ አልወርድ ስላለ «አራት ዓመት ሞልቶት ነው መሬት የረገጠው» እያልን እንስቅበት ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖም ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ስኳርና ሳሙና ሳይዝላት አይገባም። ሊሄድ ሲል ተሰናበታት። እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ አፈላችለት፣ ስለ ሰመራ ሙቀት አወሩ፤ ውሃ አብዝቶ እንዲጠጣ መከረችው። ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጉልበቷን ስሞ ተነሣ። አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ እንደዘጋው በኋላ ራሱ ነግሮናል። የሚወዱትን ሰው ሲሆን ቃሉ የበለጠ ይከብዳል፤ ይህንንም ለእሱ ያዙለት።

ሙሄ ገዢ ሲያገኝ ደጊቱ ለፊርማ ተጠራች። ልጆቿ በዚያች ክፍል ታፍነውባታል፣ ሌላ ገዢም የለም፤ ፈረመች። ግን ኩራቷ አልለቀቃትም። «ርክክቡ ላይ አታዩኝም፤ በደላላ ተሽጧል፣ ደላላው ያስረክብ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮም የወንድሟን ስልክ ማንሣት ተወች።

ሙሄ ደግሞ እንዲህ አደረገ። መጀመሪያ ስለ ሙሄ እውነቱን ልናገር። ደላላ ሁሉ ቀጣፊ ነው የሚል ሰው እሱን አያውቀውም። ስንጥቅ ደብቆ የሸጠው ቤት የለም። በሰፈሩ ውስጥ ጦይባን «አንቱ» የሚላትም እሱ ብቻ ነበር። ያገኘው ገዢ ቦታውን እንጂ ቤቱን አልፈለገም፤ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። ሙሄ ስለ ጦይባ ሳይደብቅ ነገረው። ገዢውም «የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አልገባም፤ ባዶውን አስረክቡኝ» አለ።

ሙሄ ወደ ጓዳዋ ሦስት ጊዜ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ጦይባ ቆሎ ዘገነችለት፤ ቆሎውን ቆርጥሞ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ስለ እናቱ ሕመም ጠየቀችው፤ ስለ እናቱ አውርቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሊል የመጣው ሌላ ሆኖ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እማማ ጦይባ፣ ልጆችዎ ሻል ያለ ቦታ አዘጋጅተውልዎታል። ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዱዎታል።»

ጦይባ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችው። «እንዲህ የሚያስብልህ ልጅ አላህ ይስጥህ» አለችው። ሙሄ «አሚን» ብሎ ወጣ። «አሚን» ማለቱ ከውሸቱ ይልቅ እንደከበደው ይናገራል።

ከግቢው ሳይርቅ ለካሳዬ ደወለ። «እንዲህ ብያታለሁ። እንግዲህ ውሸቴን እውነት አድርጉልኝ።»

«እሺ» አለ ካሳዬ። «ለደጊቱ እነግራታለሁ፤ እሷ ትወስዳታለች።»

ካሳዬ ለደጊቱ ደወለ፤ አላነሣችም። ደገመ፤ የወንድሟን ስም አይታ ስልኩን ገለበጠችው። ሦስተኛ አልደወለም። ነገ እሞክራለሁ አለ። ልጆቹ ጦይባን የሚወስዱበት ሐሙስ ግን ነገ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጦይባ ታጥባ፣ ንጹሕ ሻሿን አስራ፣ በሩ ላይ ተቀመጠች። ምንጣፏንና ድስቶቿን ማታውን ለጎረቤት አድላለች፤ «ልጆቼ ጋ ሁሉም አለ» ብላ። የቀራት አንድ ጥቅል ልብስ፣ መስገጃዋና ለስግደት የምትታጠብበት ማንቆርቆሪያዋ ነው። መንገደኛው «ወዴት ነው ጦይባ?» ይላታል። «ልጆቼ ሊወስዱኝ ነው» ትላለች። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ይባልና ይታለፋል።

ረፋዱ ላይ ገዢው ሠራተኞች ይዞ መጣ። ሙሄ ቁልፉን አስረከበ፤ ጦይባንም አያት።

«እስካሁን አልመጡም?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አለችው።

ለካሳዬ ደወለ፤ ኔትወርክ እንቢ አለው። ሌላ ቤት ሊያሳየው የቀጠረው ሰው ታች ቆሞ እየጠበቀው ነበር። ይመጣሉ ብሎ ራሱን አሳምኖ ሄደ። ሠራተኞቹም «እማማ፣ መኪና ሊገባ ነውና ትንሽ ፈቀቅ በይልን» አሏት፤ ጥቅሏንም ተሸከሙላት። ከመንገዱ ማዶ አጥር ሥር ሆና የጓዳዋ ጣሪያ ሲነቀል አየች። «ልጆቼ ተጠንቀቁ፣ ምስማሩ የዛገ ነው» ትላቸው ነበር ይላሉ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ቤቱ እስከ አሥር ሰዓት ግማሹ ወረደ። እሷ የምታየው ግን መንገዱን እንጂ ቤቱን አልነበረም።

ሊመሽ ሲል ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል ጎረቤት ከሥራ ስትመለስ አየቻትና እጇን ይዛ ቤቷ አስገባቻት። ጦይባ ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ዋለች። ምግብ ትቀምሳለች፣ ሰላምታ ትመልሳለች። ጥቅሏን እንፍታልሽ ሲሏት ግን «ተዉት፣ አሁን እሄዳለሁ» ትላለች።

ወሬው ቅዳሜ ዕለት ለሦስቱም ደረሰ። እሑድ ጠዋት ሦስቱም በወይዘሮ ዘርፌ በር ላይ ቆሙ፤ እያንዳንዳቸው ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በእኛ ዘንድ የከበደ በደል ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። በዳይ ድንጋዩን ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ ተበዳይ «ጣለው» እስኪል ድረስ ቀና አይልም። የደጊቱ ድንጋይ ከፈረሰው ቤት መሠረት የተነሣ ነበር።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ በሩን ይዘው ቆመዋል። ሦስቱንም እያገላበጡ አዩዋቸው።

«ሦስት ድንጋይ ከመጣ» አሉ፣ «ተካፍላችሁ አቅልላችሁታል ማለት ነው። ሁላችንም በደልን የሚል ሰው ማንም አልበደለም ከሚለው በምን ይለያል? ይቺ ሴት ትንፋሿ ለአንድ 'ጣለው' ነው የሚበቃው። አንድ ድንጋይ አስቀሩ። የሚሸከመው ሰው ገብቶ የሆነውን ሁሉ በገዛ አፉ ይንገራት። እሷን እስከ ዛሬ የነገራት የለም።»

ሁለቱ ድንጋዮች ተወሰዱ። ከመሠረቱ የመጣው ደፉ ላይ ቀረ።

«የእኔ ነው» አለች ደጊቱ። «ቤተሰብ ሊሆኗት የመጡትን ሰዎች በአንድ ደላላ ድርሻ ተናድጄ መለስኳቸው። ቤቱ ይፍረስ አልኩ፤ ፈረሰ። ስልኩንም ገለበጥኩት።»

«የለም፣ የእኔ ነው» አለ ካሳዬ። «እማዬ በሰው አፍ አታስወጧት አለችን፤ አፍ የተከራየሁት እኔ ነኝ። ሻይዋን ጠጥቼ ዝም ብዬ ወጣሁ።»

«እነሱ ዝም ነው ያሉት» አለ ሙሄ። «የዋሸኋት እኔ ነኝ። በር ላይ ያስቀመጣት የእኔ ቃል ነው። ተቀምጣ እያየኋትም ሄድኩ።»

ተሰብስበን የነበርነው ሁሉ ዳኛ ሆንን። «ደጊቱ ናት፤ እጇ የገባውን በረከት የገፋች እሷ!» ይላል አንዱ። «እሷማ በግልጽ የሸጠች ብቸኛ ሰው ናት» ይላል ሌላው። «ካሳዬ ነው፤ አደራ በላ!» ይባላል። «ቢያንስ ሁለቴ ደውሏል» ይባላል። «ሙሄ ነው፣ ሙሄ ነው!» ብሎ አንድ ሰው ከሁሉም በላይ ጮኸ። «የተላከ ሰው ምን ያድርግ? ደግሞ ወዲያው አሳውቋል» ብለው መለሱለት።

በዚህ መሐል ከውስጥ የጦይባ ድምፅ ተሰማ።

«ዘርፌ፣ የካሳዬ ድምፅ ነው? መጡ እንዴ?»

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«በይ ጥቅሌን አቀብዪኝ። ለካ ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቼን በከንቱ አማኋቸው።»

ደጊቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ካሳዬ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ፤ ሙሄም አብሮት ጎንበስ አለ። ሼህ እንድሪስ በምርኩዛቸው ሁለቱንም አገዷቸው። «ከገባችሁ በኋላ መመለስ የለም» አሉ። «በትክክል የሚገባው ይሸከመው።»

ስለ እኔ እስካሁን አልጠየቃችሁኝም። ሐሙስ ጠዋት በዚያ በር ካለፉት መንገደኞች አንዱ እኔ ነኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብያታለሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ አጥር ሥር ተቀምጣ አየኋት፤ ማንም እንዳልመጣም ገባኝ። ከተጠጋሁ ጣጣው የእኔ ይሆናል ብዬ በላይኛው መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ፤ እራቴንም በላሁ። እሑድ ዕለት ድንጋይ አልያዝኩም። ከሁሉም በላይ «ሙሄ ነው፣ ሙሄ ነው!» ብዬ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ።

አልፈርድም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እናንተ በዚያ በር አላለፋችሁም፤ ስለዚህ ትችላላችሁ። ጦይባ ጥቅሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ድንጋዩ ደፉ ላይ ነው። በገዛ እጄ እሸጣለሁ ብላ ደጉን ገዢ የመለሰችው ደጊቱ ናት? አፍ የተከራየው ካሳዬ ነው? አፉን ያከራየው ሙሄ ነው? ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው፤ ማንስ ገብቶ ይንገራት?